የብልት ፈንገስ መድኃኒቶች ንጽጽር፦ ኤችአይቪ በደማቸው ለሚገኝ ሴቶች የትኛው ይሻላል?

ለብልት ፈንገስ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙ ዓይነት ነው። አንዴ ተውጦ የሚያበቃ ክኒን አለ፤ ለ1፣ ለ3 ወይም ለ7 ሌሊት ብልት ውስጥ የሚገባ እንክብል አለ፤ ከማስገቢያ ጋር የሚመጣ ክሬም አለ፤ ለ14 ቀን የሚገባ ካፕሱልም አለ። ኤችአይቪ በደሟ የሚገኝ ሴት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመርባታል፦ «ለእኔ ጠንከር ያለ መድኃኒት ያስፈልገኛል? ከፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቴ ጋርስ አይጋጭም?»

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው። ሕመሙ ቀላል ከሆነና አልፎ አልፎ ብቻ ከመጣ፣ ሕክምናው ቫይረሱ ከሌለባት ሴት ሕክምና አይለይም፤ የመድኃኒቱ ዓይነትም መጠኑም ያው ነው። ቫይረሱ አለብኝ ብሎ መጠን መጨመር ፈውሱን አያፋጥንም። ምርጫውን የሚለውጡት እርግዝና፣ አብረው የሚወሰዱ ሌሎች መድኃኒቶች፣ ሕመሙ የሚመላለስበት ብዛትና ከዚህ በፊት የተሞከረው መድኃኒት ናቸው።

ብዙ ሰው «የማህፀን ፈንገስ» ይለዋል። ፈንገሱ ግን የሚያድገው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን በብልት ውስጠኛ ግድግዳና በውጭው ቆዳ ላይ ነው። ይህን ማወቅ ለሕክምናው ይጠቅማል፤ ከውጭ ብቻ የተቀባ ክሬም ለምን እንደማይበቃ፣ ውስጥ የሚገባውም ለምን ጠልቆ መግባት እንዳለበት የሚያስረዳው ይኸው ነው።

ከመድኃኒቱ በፊት፦ በእርግጥ ፈንገስ ነው?

ፈንገስ ነው ብለው ራሳቸው መድኃኒት ገዝተው ከሚጀምሩ ሴቶች ብዙዎቹ ሲመረመሩ ሌላ ሕመም ይገኝባቸዋል፤ ወይም ፈንገሱ ከሌላ ሕመም ጋር ተደርቦ ይገኛል። ስለዚህ ከሁሉም የሚቀድመው ምርጫ «መድኃኒት ልግዛ ወይስ ልመርመር?» የሚለው ነው።

ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ዋና ምልክቱ ማሳከክ ነው። ፈሳሹ ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ አይብ የተቆራረሰ ይሆናል፤ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ውጭው ቆዳ ይቀላል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ ሽንት ሲነካው ያቃጥላል፤ ግንኙነት ያሳምማል። የብልት አሲድነት ስለማይለወጥ በመለኪያ ወረቀት ሲታይ ፒኤች ከ4.5 በታች ሆኖ ይቆያል።

ፈሳሹ ስስና ግራጫ ከሆነ፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ የዓሣ ሽታ ካለው፣ ማሳከኩም ትንሽ ከሆነ፣ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው የባክቴሪያ መዛባት ይጠረጠራል። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ አረፋ የሚያወጣ ፈሳሽ ትሪኮሞናስን ያመለክታል፤ ይህ በግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ጓደኛም አብሮ መታከም አለበት። በሁለቱም ፒኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ4.5 በላይ ይወጣል፤ ሁለቱም የሚታከሙት በሜትሮኒዳዞል ነው። የፈንገስ መድኃኒት አይነካቸውም። ለትሪኮሞናስ የሚመከረው 500 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ነው፤ ኤችአይቪ በደሟ የሚገኝ ሴት በአንድ ጊዜ በሚወሰደው 2 ግራም ከመታከም ይልቅ የ7 ቀኑን መውሰድ አለባት።

ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ወጥተው የሚቆስሉ ከሆነ ሄርፒስ ሊሆን ይችላል። በሽታ የመከላከል አቅም ሲዳከም የሄርፒስ ቁስል ሰፊና ቶሎ የማይድን ይሆናል፤ በፈንገስ ክሬም ሲታሽ ሳምንታት ይባክናሉ። ከግንኙነት በኋላ ደም መታየቱ፣ የታችኛው ሆድ ሕመምና ትኩሳት ደግሞ ወደ ጨብጥ፣ ክላሚዲያ ወይም ሌላ የማህፀን በር ችግር ያመለክታሉ። እነዚህ ካሉ መድኃኒት ቤት መሄድ አይበቃም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከፈሳሹ ጠብታ ተወስዶ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮበት በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የፈንገሱ ክሮችና ቡቃያዎች ይለያሉ። በማይክሮስኮፕ አለመታየቱ ብቻውን ፈንገስ የለም አያሰኝም፤ ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ናሙናው ወደ ካልቸር፣ ማለትም ፈንገሱን በላቦራቶሪ አሳድጎ ዝርያውን ወደሚለይ ምርመራ፣ ይላካል። ተቃራኒውም ስህተት ነው፦ ምንም ምልክት ሳይኖር «ካንዲዳ ተገኘ» የሚል ውጤት ሕክምና አያስፈልገውም። ከ100 ጤነኛ ሴቶች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይህን ፈንገስ ያለ ምንም ሕመም ተሸክመው ይኖራሉ። ኤችአይቪ በደማቸው በሚገኝ ሴቶች ላይ ይህ ቁጥር ከፍ ይላል፤ የመከላከል አቅም በተዳከመ መጠንም ይጨምራል። የሚታከመው ምልክቱ ያላት ሴት ናት።

ሳይመረመሩ መድኃኒት መጀመር የሚያስኬደው ከዚህ በፊት በምርመራ የተረጋገጠ ፈንገስ ከነበረብዎ፣ አሁን ያለው ምልክት ቁርጥ ያንኑ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆኑ፣ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከሌለ፣ ካለፈው ሕመምም ቢያንስ 2 ወር ካለፈ ነው።

መመዘኛዎቹ

መድኃኒቶቹን የምናመዛዝነው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። ፈንገሱን ምን ያህል ያጠፋል? ከፀረ-ኤችአይቪ፣ ከቲቢና ከሌሎች ክኒኖች ጋር ይጋጫል? ለነፍሰ ጡር ይሆናል? ለተለመደው ካንዲዳ አልቢካንስ ብቻ ነው ወይስ እንደ ካንዲዳ ግላብራታ ላሉት ግትር ዝርያዎችም ይሠራል? አጠቃቀሙ ለኑሮ ይመቻል? ለምሳሌ በወር አበባ ጊዜ፣ ብቻ መተኛት በማይቻልበት ቤት፣ ኮንዶም በሚያስፈልግበት ጊዜ። በመጨረሻም ወጪው። «የቱ ጠንካራ ነው?» የሚለውን ሆን ብለን አላስገባነውም፤ ለቀላል ሕመም በሚዋጠው ፍሉኮናዞልና ብልት ውስጥ በሚገቡት የአዞል መድኃኒቶች (ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞልና መሰሎቻቸው) መካከል የፈውስ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። አዞሉን እስከ መጨረሻው ከሚጠቀሙ ሴቶች ከ100 ውስጥ ከ80 እስከ 90 የሚሆኑት ይሻላቸዋል።

ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም፣ አንድ ጊዜ የሚዋጥ

ምቾቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ክኒን፣ በቃ። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ አንዱ ክኒን በብልት ፈሳሽ ውስጥ ለ3 ቀን ያህል በቂ መጠን ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ በማግስቱ ማሳከኩ ባይጠፋ ሌላ መዋጥ አያስፈልግም። በወር አበባ ጊዜ ይሠራል። ኮንዶምን አያበላሽም። ክሬም ሲነካው ለሚቃጠልና ለተሰነጠቀ ቆዳም ይመረጣል። ሊያመጣ የሚችለው ችግር ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የሆድ ቁርጠት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው።

ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም። ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሲወሰድ የፅንስ ጉድለት እንዳስከተለ ታይቷል፤ ዝቅተኛ በሆነው መጠንም ከፅንስ መውረድ ጋር ግንኙነት ስለተገኘበት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የወር አበባ ከዘገየ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ፣ ከዚያ ክኒን። የምታጠባ እናት ግን አንዱን ክኒን ወስዳ ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች።

ሁለተኛው ድክመቱ ዝርያ ላይ ነው። ካንዲዳ ክሩሴ ለፍሉኮናዞል በተፈጥሮው አይበገርም፤ ካንዲዳ ግላብራታም ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። በተለይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ከክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር (በፈንገስ ከሚመጣ የአንጎል ሽፋን ሕመም) በኋላ ወይም ለመከላከያ በየቀኑ ፍሉኮናዞል እየወሰዱ የብልት ፈንገስ ምልክት ከመጣ፣ ተጨማሪ 150 ሚሊ ግራም መዋጥ ትርጉም የለውም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ እያለ ያደገ ፈንገስ ተቋቋሚ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሕመሙ ከነጭራሹ ፈንገስ አይደለም። እዚህ ላይ ናሙናው ካልቸር ይደረጋል።

ብልት ውስጥ የሚገቡ አዞሎች፦ ክሎትሪማዞል፣ ሚኮናዞል እና መሰሎቻቸው

የእነዚህ ትልቁ ጥቅም ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ጋር መጋጨታቸው አያሳስብም፤ ለነፍሰ ጡርም የሚመረጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ያው መድኃኒት በተለያየ ጥንካሬ ስለሚመጣ ሳጥኑን ማንበብ ያስፈልጋል፦

- ክሎትሪማዞል እንክብል፦ 100 ሚሊ ግራም ለ7 ሌሊት፣ 200 ሚሊ ግራም ለ3 ሌሊት፣ ወይም 500 ሚሊ ግራም 1 ሌሊት ብቻ
- ክሎትሪማዞል ክሬም፦ 1 በመቶው 5 ግራም በየሌሊቱ ከ7 እስከ 14 ቀን፣ 2 በመቶው 5 ግራም ለ3 ቀን
- ሚኮናዞል እንክብል፦ 100 ሚሊ ግራም ለ7 ሌሊት ወይም 200 ሚሊ ግራም ለ3 ሌሊት
- ሚኮናዞል 2 በመቶ ክሬም፦ 5 ግራም ለ7 ቀን

5 ግራም ማለት አንድ ሙሉ ማስገቢያ ማለት ነው። የአንድ ሌሊቱና የ7 ሌሊቱ አጠቃላይ መጠን ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ በአንዴ መግባቱ ወይም መከፋፈሉ ነው። ሕመሙ ቀላል ከሆነ አጭሩ ይበቃል። ቆዳው በሰፊው ከቀላ፣ ካበጠና ከተሰነጠቀ ግን የአንድና የ3 ሌሊቱን አይምረጡ፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ያስፈልጋል።

እነዚህ መድኃኒቶች ሳይሠሩ የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ በአገባባቸው ምክንያት ነው። እጅ ይታጠቡ፤ በጀርባ ተኝተው ጉልበትዎን ያጥፉ፤ ማስገቢያውን ሳይጎዳ እስከሚሄድበት አስገብተው ይግፉት። ሰዓቱ ልክ ከመኝታ በፊት ይሁን፤ ገብቶ ከተሄደ ግማሹ ይፈስሳል። ጠዋት ነጭ ፍርፋሪ ከወጣ እንክብሉ ሙሉ በሙሉ አልሟሟም ማለት ነው፤ ብልት ሲደርቅ ይህ ያጋጥማል፤ እንዲህ ላለባት ሴት ክሬሙ ይሻላል። ነፍሰ ጡር ማስገቢያውን ትታ በታጠበ ጣት ታስገባለች። የወር አበባ ከደረሰ ደሙ መድኃኒቱን ስለሚያጥበው እስኪያበቃ መጠበቅ ወይም፣ ነፍሰ ጡር ካልሆኑ፣ ክኒኑን መምረጥ ነው። ውስጥ የሚገባ የወር አበባ መጠበቂያ መድኃኒቱን ስለሚመጥጥ በዚያ ሰሞን አይደረግም።

የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሌሊት ትንሽ ቢያቃጥል የተለመደ ነው። ከዚያ ካለፈና እየባሰ ከሄደ ቆዳው መድኃኒቱን አልተቀበለውም፤ ያቁሙት።

ቅባትነታቸው ኮንዶምን ያሳሳል። የላቴክስ ኮንዶም በእነዚህ ክሬሞችና እንክብሎች ሊቀደድ ስለሚችል ሕክምናው እስኪያልቅና ከዚያ በኋላም ለ5 ቀን በኮንዶም ላይ መተማመን አይገባም። የቫይረሱ መጠን ገና ላልወረደላት ሴት፣ ኮንዶምን ለእርግዝና መከላከያ ለምትጠቀምም ይህ ነጥብ ብቻውን ምርጫውን ወደ ክኒኑ ሊያዞረው ይችላል። የተሻለው ግን ማሳከኩ እስኪጠፋ ከግንኙነት መታቀብ ነው፤ የተሰነጠቀ ቆዳ ጊዜ ይፈልጋል። ፈንገሱ ባለበት ጊዜ በብልት ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው የኤችአይቪ መጠን ሊጨምር እንደሚችልም ይታወቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ድብልቅ ክሬሞች። ክሎትሪማዞልን ከቤታሜታሶን ወይም ከሌላ ስቴሮይድ ጋር የቀላቀሉ ቱቦዎች አሉ። ማሳከኩን በአንድ ቀን ስለሚያስታግሱ ይወደዳሉ፤ ስቴሮይዱ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ የአካባቢውን መከላከያ ያዳክማል፣ ፈንገሱም ተመልሶ ይመጣል። ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ያለበት የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ ሰውነቷ ስቴሮይዱን ቶሎ ማስወገድ አይችልም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙት።

ኒስታቲን

የድሮ መድኃኒት ነው። 100,000 ዩኒት እንክብል በየሌሊቱ ለ14 ቀን ይገባል። ወደ ደም ስለማይገባ ከምንም ጋር አይጋጭም፤ ነገር ግን ከአዞሎቹ ያነሰ ይፈውሳል፤ 14 ሌሊት ሳያቋርጡ መጨረስም ከባድ ነው። አዞል ካለ አዞሉን ይምረጡ። ኒስታቲን የሚያገለግለው አዞል ለማይስማማት ሴት ወይም ሌላ ነገር በሌለበት ነው።

ቦሪክ አሲድ 600 ሚሊ ግራም ካፕሱል

ይህ የመጀመሪያ ምርጫ አይደለም። ቦታው በካልቸር ካንዲዳ ግላብራታ ከተረጋገጠ፣ አዞልም ካልሠራ ነው። አንድ ካፕሱል በየሌሊቱ ለ14 ቀን ብልት ውስጥ ይገባል፤ እስከ 21 ቀን የሚያራዝሙ መመሪያዎችም አሉ። ውሃ የመሰለ ፈሳሽና ማቃጠል ሊያመጣ ይችላል።

ከተዋጠ መርዝ ነው፤ ይገድላል። ካፕሱሉ ከሚዋጥ መድኃኒት ጋር በመልክ ስለሚመሳሰል ከፀረ-ኤችአይቪ ክኒኖች አጠገብ አይቀመጥ፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ተለይቶ ይቆለፍበት። ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። ዱቄቱን ገዝቶ ቤት ውስጥ በግምት መሙላት ደግሞ በፍጹም አይደረግ።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

የሚዋጥ ኬቶኮናዞል ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ለብልት ፈንገስ አይወሰድም። ኢትራኮናዞል ይሠራል፤ ነገር ግን ፀረ-ኤችአይቪዎቹ ኤፋቪሬንዝና ኔቪራፒን መጠኑን ይቀንሱታል፣ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ጭራሽ ከንቱ ያደርገዋል፣ ሪቶናቪርና ኮቢሲስታት ደግሞ ያበዙታል። ፍሉኮናዞል እያለ እሱን መምረጥ ራስን ለውዝግብ መዳረግ ነው። ኢብሬክሳፈንገርፕና ኦቴሴኮናዞል አዳዲስ የሚዋጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱም ለነፍሰ ጡር አይሆኑም፤ ኦቴሴኮናዞል እንዲያውም ለወደፊቱ ልትወልድ ለምትችል ሴት ሁሉ የተከለከለ ነው። ዋጋቸውም ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም።

እርጎ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮምጣጤና ሳሙና ብልት ውስጥ ማስገባት ፈንገሱን አያጠፋም። ነጭ ሽንኩርት የተቆጣውን ቆዳ ያቃጥላል፤ በኮምጣጤና በሳሙና ውስጡን ማጠብ ደግሞ የሚጠብቁትን ጤነኛ ባክቴሪያዎች ጠራርጎ ያወጣል። ውጭውን በንጹህ ውሃ ማጠብ ይበቃል።

አብረው የሚወሰዱ መድኃኒቶች

እዚህ ላይ አንድ የ150 ሚሊ ግራም ክኒንን ለሳምንታት ከሚወሰድ ፍሉኮናዞል መለየት ያስፈልጋል። ስለ መጋጨት የሚነገረው አብዛኛው ከዕለታዊ አወሳሰድ የተገኘ ነው፤ አንዱ ክኒን ችግር የሚያመጣው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ክኒን ለምትወስድ ሴት ፍሉኮናዞል መጠን አያስለውጥም፤ አንዱም ክኒን፣ ሳምንታዊውም ይሄድላታል። ከኤፋቪሬንዝ ጋርም ማስተካከያ አያስፈልግም። ኔቪራፒን ግን የተለየ ነው። ፍሉኮናዞል በየቀኑ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለውን የኔቪራፒን መጠን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፤ ኔቪራፒን ደግሞ ጉበትንና ቆዳን የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ተደጋጋሚ ፍሉኮናዞል ከታዘዘ ጉበት በደም ምርመራ ይታያል፤ ሽፍታ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም ጠቆር ያለ ሽንት ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይኬዳል። ሌላው ፀረ-ኤችአይቪ ዚዶቩዲንም በፍሉኮናዞል ይጨምራል፤ ለረጅም ጊዜ አብረው ከተወሰዱ የደም ማነስ ይጠበቃልና ሄሞግሎቢን ይታያል።

የቲቢ ሕክምና ላይ ያለች ሴት ሌላ ስሌት አላት። ሪፋምፒሲን የፍሉኮናዞልን መጠን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ለቀላል ሕመም ከእሱ ጋር ከመታገል የ7 ሌሊቱን ክሎትሪማዞል መምረጥ ይሻላል። ቤዳኩሊን ከሆነ የምትወስደው፣ እሱም ፍሉኮናዞልም የልብን ምት አመራር ስለሚያዛቡ ሁለቱን ሳያማክሩ ማደባለቅ አይገባም።

ከኤችአይቪ ውጭ ያሉትንም አይርሱ። ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ዋርፋሪን ከፍሉኮናዞል ጋር ደም መፍሰስ ያስከትላል፤ ብልት ውስጥ የሚገባው ሚኮናዞል እንኳ ይህን ሊያደርግ ስለሚችል ለዋርፋሪን ተጠቃሚ ክሎትሪማዞል ይሻላታል። ለስኳር የሚወሰደው ግሊቤንክላሚድ ከፍሉኮናዞል ጋር ስኳርን ከመጠን በላይ ያወርዳል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፌኒቶይንም በፍሉኮናዞል ይጨምራል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መድኃኒት | አወሳሰድ | ለነፍሰ ጡር | መጋጨት | ኮንዶም ላይ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፍሉኮናዞል 150 ሚ.ግ. | 1 ክኒን፣ 1 ጊዜ | አይሆንም | በተደጋጋሚ ሲወሰድ አለ፤ በተለይ ከኔቪራፒን ጋር | ችግር የለም | ዝቅተኛ |
| ክሎትሪማዞል 500 ሚ.ግ. | 1 ሌሊት | የ7 ሌሊቱ ይመረጥ | የለም ማለት ይቻላል | ያሳሳል | ዝቅተኛ |
| ክሎትሪማዞል 100 ሚ.ግ. ወይም 1 በመቶ ክሬም | 7 ሌሊት | ይሆናል፤ የመጀመሪያ ምርጫ | የለም ማለት ይቻላል | ያሳሳል | ዝቅተኛ |
| ሚኮናዞል | 3 ወይም 7 ሌሊት | የ7 ሌሊቱ ይሆናል | ከዋርፋሪን ጋር አለ | ያሳሳል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ኒስታቲን | 14 ሌሊት | ሐኪም ይወስን | የለም | ያማክሩ | ዝቅተኛ |
| ቦሪክ አሲድ 600 ሚ.ግ. | 14 ሌሊት | ክልክል | የለም | ያማክሩ | መካከለኛ፤ በመድኃኒት ባለሙያ የሚዘጋጅ |
| ኢትራኮናዞል | ከ1 እስከ 3 ቀን | አይሆንም | ብዙ | ችግር የለም | ከፍ ያለ |

ለማን የቱ?

የቫይረሱ መጠን የወረደላት፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች፣ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚይዛት ሴት፦ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም ወይም የ1 ወይም የ3 ሌሊት ክሎትሪማዞል። በሚመቻትና በምታገኘው ትምረጥ፤ ፈውሱ ያው ነው። ገንዘብ ካጠራት ርካሹን በመግዛቷ ምንም አይቀርባትም።

ነፍሰ ጡር፦ የ7 ሌሊት ክሎትሪማዞል ወይም ሚኮናዞል። የአንድ ሌሊቱ በእርግዝና ጊዜ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ሕመሙ የከበደባት፣ ቆዳዋ ያበጠና የተሰነጠቀ፦ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም ዛሬ፣ ሁለተኛው ከ72 ሰዓት በኋላ፤ ወይም ውስጥ የሚገባ አዞል ከ7 እስከ 14 ቀን። ውጭው በጣም የሚያሳክክ ከሆነ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ክሬም በቀን 2 ጊዜ በስሱ ይቀባል። እሱ ግን የውስጡን አይተካም።

ከቤተሰብ ጋር በአንድ ክፍል የምትተኛ፣ መድኃኒቷን ማንም እንዳያይባት የምትፈልግ ሴት፦ አንዷ ክኒን። ይህ ምክንያት እንደ ሌሎቹ ሁሉ በቂ ምክንያት ነው፤ ሐኪምዎ ካልጠየቀዎት ራስዎ ይንገሩት።

የኩላሊት ሕመም ያለባት፦ አንዱ ክኒን መጠኑ አይቀነስም፤ ተደጋጋሚው ግን ይቀነሳል።

ጓደኛ መታከም ያስፈልገዋል? በተለምዶ አያስፈልገውም። የብልቱ ጫፍ ከቀላና ካሳከከው ግን እሱም በክሬም ይታከማል።

ሲያገረሽ

በ12 ወር ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዘዎት ተመላላሽ ይባላል። እዚህ ላይ መድኃኒት ከመለወጥ በፊት ሦስት ነገሮች ይሠራሉ። አንደኛ፣ ካልቸር፤ ዝርያው ሳይታወቅ ለ6 ወር መድኃኒት መጀመር በጨለማ መሄድ ነው። ሁለተኛ፣ የቫይረስ መጠንና ሲዲ4 (የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር)። አንድ ጊዜ የመጣ የብልት ፈንገስ የፀረ-ኤችአይቪ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም፤ ሕክምናውን በትክክል የሚከታተሉ ሴቶችንም፣ ቫይረሱ የሌለባቸውንም ይይዛል። መመላለሱ ግን መጠየቅ ያስፈልገዋል፤ ቫይረሱ ካልወረደ የትኛውም የፈንገስ መድኃኒት ዘላቂ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የስኳር ምርመራ። ስኳር ካልተስተካከለ ፈንገሱ ይመገበዋል፤ ለስኳር ከሚሰጡት መድኃኒቶች ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉትም ራሳቸው የብልት ፈንገስ ያመጣሉ። በቅርብ የተወሰደ አንቲባዮቲክ፣ የሚዋጥ ስቴሮይድና ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያም ይጠየቃሉ።

ዝርያው አልቢካንስ ከሆነ ሕክምናው በሁለት ደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊ ግራም በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ክኒን ለ6 ወር። ቀኑን ላለመርሳት ሳምንታዊውን ከአንድ የተወሰነ ቀን ጋር ማያያዝ ይረዳል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ከ100 ሴቶች ከ30 እስከ 50 በሚሆኑት ላይ ያገረሻል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። ለነፍሰ ጡር ይህ መንገድ አይሠራም፤ በ6 ወሩ ውስጥም አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋል።

ሕመም ሳይኖር «እንዳይዘኝ» ብሎ ፍሉኮናዞል በየሳምንቱ መዋጥ ግን አይመከርም። ፈንገሱን መድኃኒት ያለማምደዋል፤ ይኸው መድኃኒት ደግሞ ለክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትርና ለጉሮሮ ፈንገስ የሚያስፈልግ ስለሆነ ለክፉ ቀን ማቆየት ተገቢ ነው።

ከሕክምናው በኋላ

ማሳከኩ በ2 ወይም በ3 ቀን መቀነስ ይጀምራል፤ የቆዳው ቁስለትና መቅላት ሙሉ ለሙሉ ለመጥፋት እስከ ሳምንት ሊወስድ ይችላል። የ7 ሌሊቱን በ3ኛው ቀን ስለተሻለዎት አያቋርጡት። ምልክቱ ከጠፋ ዳግም ምርመራ አያስፈልግም።

በሳምንት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ወይም በ2 ወር ውስጥ ከተመለሰ ይመርመሩ። ምግብ ሲውጡ የሚያም ከሆነ፣ በአፍ ውስጥም ነጭ ንጣፍ ካለ አይቆዩ፤ ይህ የጉሮሮ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ለብልት የተወሰደችው አንዷ ክኒን አትነካውም፤ ፍሉኮናዞል በየቀኑ ከ14 እስከ 21 ቀን ይፈልጋል። ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ቁስል፣ ከወር አበባ ውጭ የሚታይ ደም ካለም እንዲሁ።

ሲሄዱ የተጠቀሙበትን መድኃኒት ባዶ ሳጥን፣ የሚወስዷቸውን ክኒኖች ሁሉና የመጨረሻውን የቫይረስ መጠን ውጤት ይያዙ። አዲስ ክሬም ከመጀመርዎ በፊት ናሙናው ይወሰድ፤ ክሬም ያለበት ናሙና ፈንገሱን ሊደብቀው ይችላል። እግረ መንገድዎንም የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ መቼ እንዳደረጉ ይጠይቁ፤ ኤችአይቪ በደሟ የምትኖር ሴት ይህን ከ25 ዓመቷ ጀምራ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እየደጋገመች እንድታደርግ ይመከራል፤ ቆዳው ሲድን በሌላ ቀጠሮ ይደረግላታል።